ማንም ያልሞተበት ድንኳን

«ክቡራንና ክቡራት መንገደኞቻችን፤ በታላቅ ትሕትና እናሳውቃለን። ወደ አንኮበር የሚጓዘው መኪና አንድ ሰው ጎድሎታል። አንድ ሰው ብቻ!»

የደብረ ብርሃን መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ይህን ሲል ከቆርቆሮው ላይ እርግቦች ተነሡ። ከመንገደኞቹ ግን ቀና ያለ የለም፤ ለምደውታል። ማይኩን የያዘው ዓብዱራህማን የጠፋ ጫማም ይሁን የተለወጠ የመነሻ ሰዓት፣ ሁሉንም የሚያውጀው መንግሥት በተለወጠ ቀን በሚሰማ ድምፅ ነው።

የጎደለው ሰው ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ኩብራ ትባላለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የዚያው የድምፅ ማጉያው ሰውዬ ልጅ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ከእሷ የሚሰፋ ቦርሳ አዝላለች።

«ሲስ፣ ይሄ ቦርሳ አይደለም፤ ተሳፋሪ ነው» አለ ረዳቱ። «ላይ ይጫን።»

«አይጫንም። አቅፈዋለሁ።»

«ምንድነው ያለው?»

«ድንኳን።»

የረዳቱ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ኮፍያውን አወለቀ። «ውይ! እግዜር ያጽናችሁ» አለና የጋቢናውን ወንበር አስለቀቀላት።

ኩብራ ልታስረዳው አፏን ከፈተች። ከዚያ ወንበሩ መልካም መሆኑን አይታ ዘጋችው።

መኪናው ሳይነሣ አባቷ ከማይክ ክፍሉ ወጥቶ መስኮቱ ጋ መጣ።

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አላት። «አልመጣም።»

«ማን ትመጣለህ አለህ አባዬ?»

«ማንም። እንዲታወቅ ያህል ነው።»

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ከትምህርት ቤት ጋር አንኮበር ሄደው ሳለ ፍቃዱ የሚባል አስጎብኚ የገደሉን አፋፍ ይዞ ሲያስኬዳቸው ዋለ። ሌሎቹ ልጆች ከምሳ በኋላ የጠየቁት መኪናው መቼ እንደሚመጣ ነበር። ኩብራ የጠየቀችው ከዚያኛው ሸንተረር ጀርባ ምን እንዳለ ነው። ፍቃዱ «ሌላ ሸንተረር» አላት። «ከዚያስ?» «ሌላ።» ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ስታወራ የሰማት የለም። ዘንድሮ ፍቃዱ ራሱ ደወለ። በክረምት እንግዳ ስለሌለ ረዳት አስጎብኚዎችን የሚያሠለጥነው ያኔ ነው፤ ቤተሰቦቿ ከፈቀዱ ትምጣ አለ። ድንኳንም አዋሳት።

እናቷ «ያ አላህ!» አለች። ታላቅ ወንድሟ ጃፈር ሙድ ያዘባት። «ማታ ማታ ሽንት ቤት ለመሄድ አጃቢ የምትፈልግ ልጅ ተራራ ልትመራ ነው! ጅቡ ይሸኛታል በሉኛ!»

አባቷ ግን ተነሥቶ ቆመ። ቤት ውስጥም ቢሆን ቁም ነገር ሲናገር ማይክ ፊት እንዳለ ነው የሚቆመው።

«ለቤተሰቡ አባላት በሙሉ» አለ። «ኩብራ ተራራው ላይ አንዲት ሌሊት ብቻዋን ታድራለች። የማንም ቤት አትገባም፤ ማንንም አትጠራም። ካደረች ክረምቱን ከፍቃዱ ጋር ትሠራለች። ካላደረች ወደ አረርቲ፤ አክስቷ ሱቅ።»

የአክስቷን ሱቅ ኩብራ ታውቀዋለች። እዚያ የሚገባ ገዢ ስኳርና ሳሙና ከመጠየቁ በፊት «ይቺ ልጅ አልታጨችም?» ብሎ ይጠይቃል። አክስቷም «እየፈለግን ነው» ትላለች።

አባቷ ይህን ያወጀው እምቢ ትላለች ብሎ ነበር። እናቷም ዝም ያለችው እምቢ ትላለች ብላ ነው። ጃፈር ሻዩን ያማስል ጀመር።

«እሺ» አለች ኩብራ።

ማንኪያው ቆመ።

አሁን ሚኒባሱ አንኮበር ሲያወርዳት ረዳቱ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ተሰናበታት። ቦርሳዋን አጠበቀችና አፋፉን ይዛ መሄድ ጀመረች። በስተግራዋ ገብስ ነው፤ በስተቀኟ ምንም። መሬቱ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከሥር ሌላ አገር ይጀምራል። የቆላው ሙቅ ነፋስ በገደሉ ላይ እየተሳበ መጥቶ ፊቷን ይነካትና ደጋው ሲደርስ ይበርዳል። ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ቀና ብለው አዩዋት። ከሰው ይልቅ እነሱ ጨዋ ነበሩ፤ ምንም አልጠየቋትም።

ሰው ግን ጠየቀ። እንጨት የተሸከመች ሴት «ብቻሽን?» አለቻት። አህያ የሚነዳ ሰውዬ «ከማን ጋር ነሽ?» አላት። ሁለት ቄሶች «ማንን ፈልገሽ ነው?» አሏት። መጀመሪያ ላይ በትሕትና አስረዳች። ከዚያ አሳጠረች። በኋላ ላይ «ከማን ጋር ነሽ?» ሲሏት «ከእግሬ ጋር» ማለት ጀመረች፤ ይህ መልስ ሰዎቹን ዝም ስለሚያሰኛቸው እስከ ከሰዓት ተጠቀመችበት።

ሩቅ ታች የአሊዩ አምባ ቆርቆሮዎች ያብለጨልጫሉ። አባቷ የተወለደው እዚያ ነው። ልጅ ሆኖ ከእነ አባቱ ጋር ጨው ጭኖ ይህን ዳገት በእግሩ ይወጣ እንደነበር ሲያወራ ሰምታለች። እሷ አሊዩ አምባን የምታውቀው በመኪና ብቻ ነው፤ እሱንም እያስመለሳት። ከዚህ ላይ ስታየው ግን ወደ ታች የሚወርደው ቀጭን መንገድ ከሸንተረር ሸንተረር እየታጠፈ ጥርት ብሎ ይታያል። ቆማ ብዙ አየችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለጥ ያለ ሣር አገኘች። ከሸለቆው ማዶ መንደር አለ፤ ሩቅ ስለሆነ ቤቶቹ ክብሪት ቀፎ ያክላሉ። ነጩን ድንኳን ዘረጋች፤ ካስማዎቹን በድንጋይ እየመታች ተከለች፤ ገመዱን ወጠረች። ስትጨርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን መላጥ ጀመረች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማን ጋር እንደሆነች የሚጠይቃት አልነበረም። ይህ ሁኔታ ብርቱካኑ ተልጦ እስኪያልቅ ድረስ ቆየ።

ከማዶ ጥሩምባ ተነፋ።

የእድር ጥሩምባ መሆኑን አወቀች። አንድ ሰው ሞቷል ብላ አዘነች፤ አንድ ክፋይ ጎረሰች። ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመንደሩ ሲወጡ አየች። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይታጠፋሉ ብላ ጠበቀች። አልታጠፉም። ሸለቆውን ወርደው ወጡና ቀጥ ብለው ወደ እሷ መጡ።

ከፊት ከፊት የሚመጡት ወፈር ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ቅርጫት ይዘው በሌላው ደረታቸውን ይመታሉ።

«ወየው! ወየው! ማንን አጣን! ማንን ቀበርን!»

ኩብራ ተነሣች። ብርቱካኑን ከጀርባዋ ደበቀች፤ ለምን እንደደበቀች አላወቀችም።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ እያለቀሱ። «ማነው?»

«ማን ማነው?»

«የሞተው።»

«ኧረ ማንም አልሞተም እማማ።»

ልቅሶው እንደተዘጋ ቧንቧ ቆመ። ከሰዉ መሃል አንድ ረጅም ሽማግሌ በዱላቸው መንገድ እያስለቀቁ ብቅ አሉ። አቶ ብርሃነ መስቀል ይባላሉ፤ የእድሩ ዳኛ ናቸው። የተቆጡት ሰው ባለመሞቱ አልነበረም።

«እኔ ሳልሰማ ድንኳን የተከለ ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ። የለቅሶ አይደለም፤ መተኛዬ ነው።»

«ቤት የለሽም?»

«አለኝ። ደብረ ብርሃን።»

«ታዲያ?»

«ውጭ ማደር ፈልጌ ነው።»

ዳኛው ድንኳኑን ዞረው አዩት። ከቅርብ ሲታይ እንኳን ለቀስተኛ ሁለት ዶሮ አያስጠልልም።

«ሞት ይሻል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሞት እንኳ ደንብ አለው።» ከዚያ ወደ አንድ ወጣት ዞሩ፤ አንገቱ ላይ ጥሩምባ አንጠልጥሏል። «ወርቁ! ማን ሞተ ብለህ ነው የነፋኸው?»

«ድንኳን አየሁ፤ ነፋሁ። ስሙ ኋላ ይነገራል ብዬ።»

«በል አንሣው።»

«የተነፋ ጥሩምባ ምኑ ይነሣል ጋሼ?»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለቅሶው ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል» ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ።

«እኔስ አልቅሻለሁ» አሉ አንዲት አሮጊት።

«የሚቀጥለው ላይ ይታሰብልዎታል» አላቸው ወርቁ።

ሰዉ እያጉረመረመ ተመለሰ። ዳኛው፣ ወርቁና ባለ ቅርጫቷ እትዬ ባዩሽ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«በይ ተነሺ» አሉ እትዬ ባዩሽ። «ቤት አለ፤ መደብ አለ።»

«አልገባም እትዬ።»

«አልገባም ማለት ምን ማለት ነው? የመሸበት እንግዳ ደጅ አሳድረን ነገ ገበያ ላይ ምን ልንባል ነው? እንግዳ ሜዳ ላይ የሚጥል መንደር እየተባለ ማን ልጁን ይድርልናል?»

ኩብራ የአባቷን ፍርድ አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ፍቃዱን፣ አንዲቷን ሌሊት፣ የአረርቲውን ሱቅ። ዳኛው በጥሞና አዳመጡ።

«አባትሽ ምን አጥፍተንበት ነው» አሉ፤ «እኛ መንደር ላይ የፈረደብን?»

«እናንተን አያውቃችሁም።»

«ሳያውቀን ነዋ ያዋረደን።»

«እኔ ቤት ከገባሁ አረርቲ ነኝ» አለች ኩብራ። ድምጿ ከራሷ ግምት በላይ ጮኸ። «ብትጎትቱኝ ካስማውን ይዤ እቀራለሁ። ይቅርታ አባባ፤ ግን እቀራለሁ።»

ሦስቱ ተያዩ። እትዬ ባዩሽ ቅርጫቱን ከፈቱ። የለቅሶ ንፍሮ ነበር፤ ባቄላና ስንዴ፣ ገና ትኩስ።

«ስምሽ ማነው?»

«ኩብራ።»

«ብዪ ኩብራ። ንፍሮ ሃይማኖት የለውም።»

በላች። ርቧት ነበር። ስትጨርስ እጇን አራገፈች። «አሁን ሂዱልኝ። እናንተ ካላችሁ ብቻዬን አይደለሁም።»

«ሜዳው ያንቺ ነው?» አሉ ዳኛው።

«አይደለም።»

«የወል ግጦሽ ነው። እኔ የመጣሁት በቅሎዬ ጠፍታብኝ ነው። ስፈልጋት አድራለሁ።» በቅሎዋ ከኋላቸው ቆማ ሣር ትግጥ ነበር።

«እኔም ባቄላዬን ከጃርት እጠብቃለሁ» አለ ወርቁ።

«በግንቦት ምን ባቄላ አለ?»

«አልተዘራም። ጃርቱ ግን ከአሁኑ ይወቀው።»

ሁሉም ወደ እትዬ ባዩሽ ዞሩ። እሳቸው ትንሽ አሰቡ። «እኔ ወገቤን ያመኛል» አሉ። «ብርድ ይሻለዋል።»

ኩብራ ትልቅ ቋጥኝ አሳየቻቸው። «እንግዲያው ከዚያ ወዲህ ማንም አይምጣ። እንዳታናግሩኝ። የላችሁም።»

«የለንም» አሉ ሦስቱም ባንድ ድምፅ።

ሲመሽ ጉም ከገደሉ ወጣ። መጀመሪያ አሊዩ አምባን ዋጠ፤ ከዚያ ሸንተረሮቹን፤ ከዚያ ቋጥኙን። የሌሉት ሰዎች ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ልጅቷ ልብስ አላት?» ይላል ወርቁ።

«የቷ ልጅ?» ይላሉ ዳኛው። «እኔ በቅሎ ነው የምፈልገው።»

«እሺ፤ በቅሎዋ ልብስ አላት?»

ታች ገደሉ ሥር ጅብ ጮኸ። የኩብራ እጅ ሳታዝዘው የድንኳኑን ዚፕ ያዘ። ወዲያው ዳኛው አሳላቸው፤ ረጅም የሽማግሌ ሳል። እጇ ዚፑን ለቀቀ። በሽማግሌው ሳል መረጋጋቷ ከጅቡ ይልቅ አናደዳት። ብቻዋን ልትፈራ ነበር የመጣችው፤ እሱንም ቀሟት።

ጥቂት ቆይቶ ከሸራው ውጭ ሹክሹክታ ሰማች። እትዬ ባዩሽ ቋጥኙን አልፈው መጥተዋል።

«ስሚኝ ልጄ። ቀስ ብለሽ ውጪና እኔ ቤት ተኚ። ሳይነጋ እመልስሻለሁ። እዚሁ አደረች ብዬ በማርያም እምልልሻለሁ።»

መሬቱ በምንጣፉ ውስጥ ብርዱን እየላከ ነበር። የእትዬ ባዩሽ መደብ ትዝ አላት፤ አይታው ሳታውቅ። አባቷ አይሰማም። ፍቃዱ አይሰማም። ክረምቱ የእሷ ይሆናል።

«እትዬ፤ ከርሞ ሰው ይዤ እዚህ እመጣለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሌሊቱ እንዴት ነው ሲሉኝ ምን ልበላቸው? የእትዬ ባዩሽ መደብ ይመቻል ልበል?»

ሴትዮዋ ከዚፑ ሥር ከበግ ጠጉር የተሠራ ከባድ ባና ገፍተው አስገቡ። «ይሄ ቤት አይደለም» አሉና ሄዱ።

ከቋጥኙ ወዲያ ወሬው ቀጠለ። አንዴ በድንገት ቆመ፤ ኮሽታ፣ ሹክሹክታ፣ እንደገና ዝምታ። ከዚያ ዳኛው ከበፊቱ ከፍ ባለ ድምፅ ስለ በቅሎ ማውራት ጀመሩ። ኩብራ የደከማቸው መሰላት። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር። ሌላ የሚባልለት ነገር የለም።

ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ተነሣች። በላስቲክ ጠርሙሱ ውሃ ስትታጠብ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። ሰግዳ ስትጨርስ ዚፑን ከፈተች። ጉሙ እንደ ኖራ ግድግዳ ደጃፏ ላይ ቆሟል። ከሰዎቹ ወገን ማንኮራፋት ይሰማል።

ከቆላው ነፋስ መጣና ጉሙን ከሥሩ አነሣው። መጀመሪያ የታዩት እግሮች ናቸው። የእትዬ ባዩሽ ላስቲክ ጫማ። የወርቁ ቡትስ። የዳኛው የተሰነጠቀ ተረከዝ። ከቋጥኙ ወዲህ ማንም አይምጣ ያለችው ቀርቶ ሁሉም የድንኳኑን ገመድ ከበው ነበር።

ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ጥንድ ጫማ ነበር። ጥቁር፣ የቆዳ፣ ለከተማ አስፋልት የተሠራ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጭቃ የተለሰነ።

ጉሙ ትንሽ ከፍ ሲል አባቷን አየችው። የመናኸሪያ ኮቱን እንደለበሰ ድንጋይ ተደግፎ ተኝቷል። የዳኛው ጋቢ ግማሹ እሱ ላይ ነው። ጭኑ ላይ ንፍሮ የያዘ ሳህን አለ፤ የተጋመሰ።

ኩብራ ቆማ አየችው። አብልተውታል። አልብሰውታል። ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ስለ መምጣቱ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

ልትቀሰቅሰው ትችላለች። ብቻዋን ታድራለች ያለው እሱ ነው፤ ቃሉን ያፈረሰውም እሱ። እሷ ማንንም አልጠራች፤ ቤት አልገባች። ዓይኑን ሲከፍት ቆማ ቢያያት የሚመልሰው የለውም። ክረምቱ እዚያው በእጇ ነው። «አባዬ» ለማለት ትንፋሽ ሳበች።

ሽፋሽፍቱ ላይ የጉም ጠብታዎች ነበሩ። ሌሊቱን አራት ሰው ተካፍሎታል፤ አንዱ በቅሎውን፣ አንዱ ባቄላውን፣ አንዷ ወገቧን፣ አንዱ ልጁን ሲጠብቅ። ለእሷ የደረሳት ሌሊት አልነበረም።

የሳበችውን ትንፋሽ መለሰችው። ባናውን አጣጥፋ ከእትዬ ባዩሽ አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያ ተንበርክካ ካስማዎቹን መንቀል ጀመረች፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ በዝግታ። የመጨረሻው ከድንጋይ ጋር ተፋጨና ጮኸ።

ማንኮራፋቱ ቆመ። የአንዱ አይደለም፤ የአራቱም፣ ባንድ ጊዜ።

ኩብራ ካስማውን እንደያዘች ቀረች። ማንም ዓይኑን አልከፈተም። ማንም አልተነሣም። ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋቱ ባንድ ላይ ቀጠለ፤ ወርቁ ብቻ ዘግየት ብሎ ገባ።

ድንኳኑን ጠቀለለች፤ ቦርሳዋን አዘለች። ወደ ቤት የሚመልሳት የጠዋቱ መኪና በስተኋላ፣ አንኮበር ነው። ከፊቷ ግን ቀጭኑ መንገድ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከሁለተኛው ሸንተረር ጀርባ መንደር እንደሌለ ትናንት አይታለች። ዛሬ ማታ ድንኳኑን እዚያ ትተክላለች።

ወደ መንገዱ ለመድረስ በቋጥኙና በአባቷ መካከል ማለፍ ነበረባት፤ እግሩን ዘርግቶ ዘግቶታል። እግሩ ሥር ደርሳ ቆመች።

አባቷ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ እግሩን ሰበሰበላት።